«ያድራል» ያልኩት እኔ ነኝ

አርብ፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.
ጂንካ

ለክቡር አቶ እውነቱ፣
ትምህርት ቤታችንን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደተቀመጡበት ወንበር የጸና፣ እንቅልፍዎም ዘበኛና አጥር እንዳለው ግቢ ሥጋት የሌለበት እንዲሆንልዎ በትሕትና እመኛለሁ። እኛም ዘበኛና አጥር ባይኖረንም እስካሁን ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ ልጀምር ስል እጄ ብዙ ጊዜ ቆሞብኛል፤ አሁንም ደፍሬ መጻፌን ራሴ በደንብ አላመንኩም። ሌላ ሰው ከሚነግርዎ ግን እኔው ብናገር ይሻላል ብያለሁ። ባለፈው ሚያዝያ የእርስዎ ኮሚቴ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ባዘጋጀው ቃለ ጉባኤ ውስጥ «አንድ ወንድ በሴት ተማሪዎች ማደሪያ እንደሚያድር በተማሪ ተረጋግጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ያረጋገጥኩት ተማሪ እኔ ነኝ። «ያድራል» ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቃል የተነሣ ርዕሰ መምህርታችን ዘሪቱ ኤርሳዶ ከኃላፊነቷ ተነሥታለች፤ ነገ ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ ላይ የቢሮውን ቁልፍ ለአዲሱ ርዕሰ መምህር ታስረክባለች፤ ማደሪያችንም በዚያው ይዘጋል። ማደሪያው ሲዘጋ የእኔ ትምህርት አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሌላ የምጽፍበት ጊዜ ላይኖረኝ ይችላል።

ስሜ ጸሎት ጎሳዬ ይባላል። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ የክፍሌን ልጆች በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ በዚህም አፍራለሁ። መምህር ሲጠይቅ በልቤ እመልስና ሌላው ልጅ ተሳስቶ ሲመልስ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ቤታችን ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ ነው፤ በየቀኑ ተመላልሶ መማር አይቻልም። እኔና እንደ እኔ ከሩቅ የመጣን ሴቶች የምናድረው በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ዱሮ የተሰባበረ ዴስክ ይከመርበት በነበረ ክፍል ነው። ዴስኩን አስወጥታ፣ ግድግዳውን ከእኛ ጋር ሆና ቀብታ፣ አልጋውን ከየሰው ለምና ማደሪያ ያደረገችልን ዘሪቱ ናት።

ርዕሰ መምህርቴን «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ሳላከብራት ቀርቼ አይደለም። «እሳቸው» ብላት ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን «እሳቸው» ሲባል ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። እርስዎ እስካሁን የደከሙት ሴትነቷ እንዳይታይ ስለሆነ፣ እኔ ደግሞ በዚህ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። እርስዎን ግን «እርስዎ» እላለሁ። «እርስዎ» ወንድም ሴትም አይደለም፤ ለሁለታችንም ይመቻል።

ቁጥር የሌለው ጉዳይ በቢሮዎ እንደማይታይ ስለሰማሁ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቲተሩ እጅግ አመሰግናለሁ።

ዘሪቱ ተሹማ ስትመጣ፣ ከፊርማ ሥር የሚመታው ቲተር ላይ «ርዕሰ መምህር» ተብሎ ተቀርጾ አገኘችው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ ወንዶች ስለነበሩ ይህ የማንም ጥፋት አልነበረም። «ርዕሰ መምህርት» የሚል እንዲቀረጽላት በጠየቀች ጊዜ ግን እርስዎ «ለአንዲት ፊደል በጀት አናባክንም» ብለው መለሱላት። እሷም አልተከራከረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲተሩን በመታች ቁጥር እስክሪብቶ አንሥታ መጨረሻው ላይ «ት» ትጨምር ነበር። የእኔም የውጤት ካርድ ላይ ያቺ «ት» አለች። ሰልፍ ላይ አርፍዳ እንደደረሰች ልጅ ከጫፍ ቆማ፣ ትንሽ ከፍ ብላ። አንዳንድ ቢሮዎች «ስርዝ ድልዝ አለው» እያሉ ወረቀቱን ይመልሱባት ነበር፤ እሷም አዲስ ወረቀት ላይ ታትምና እንደገና «ት» ጨምራ ትልክ ነበር።

ነገ ለሚመጡት ርዕሰ መምህር ቲተሩ ያለ ምንም ድካም ልክ ነው። ቲተር ከማስቀረጽ ሰው መቀየር እንደሚረክስ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

2ኛ. ስለ መልካም ምክርዎ አመሰግናለሁ።

ዘሪቱ ባለቤቷ ሌላ ዞን ስለሚሠራ ትንሹን ልጇን ያቤጽን የሚይዝላት ሰው የለም። ስለዚህ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ልጇን አዝላ መድረኩ ላይ ትቆማለች፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ያቤጽ ከጀርባዋ ሆኖ ያጨበጭባል፤ እኛም እንስቃለን፤ እሷ ከሁላችንም በላይ ትስቃለች። ሳቋ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ድረስ ይሰማል። እርስዎ ለጉብኝት መጥተው ይህን ባዩ ጊዜ፣ መምህራኑ ሁሉ እየሰሙ «መሪ ልጅ አያዝልም፤ ኮት ልበሺ፣ ድምፅሽን ወፈር አድርጊ፣ ሳቁንም ቀንሺ» ብለው መከሯት።

ምክሩን ሞክራዋለች፤ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ልጁን ለዘበኛው ሚስት እየሰጠች፣ ያኔ ገና ዘበኛ ነበረን፣ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ድምፅዋን ከሆዷ እያወጣች አንድ ሳምንት ሙሉ አስተዳደረችን። እኛም ፈራናት፤ መምህራኑም ቢሮዋ መግባት ተዉ፤ ያቤጽ እንኳ ስትጠራው ያለቅስ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ልጇን አዝላ መድረክ ላይ ወጣችና «ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት እዚህ የቆመችውን ሴትዮ እኔም አላውቃትም። ሸኝቻታለሁ፤ አትመጣም» አለችን። ያን ዕለት የሳቅነውን ሳቅ እርስዎ ቢሮ ድረስ ሰምተውት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሪኛ መናገሯንም እንዳልወደዱት አውቃለሁ። የመጣችው ከሆሳዕና ነው፤ የእኛን ቋንቋ የተማረችው ማደሪያው ውስጥ ከእኛ ነው፤ ወላጆቻችን ሲመጡ በአስተርጓሚ ማናገር ስላልፈለገች። ስትናገር ትሳሳታለች። አንድ ጊዜ አባቴን ሰላም ልትለው ብላ ምን እንዳለችው እዚህ አልጽፍም፤ አባቴ ግን እስከ ዛሬ ያን ቃል እያነሣ ይስቃል፤ ያኔም እሷ ራሷ አብራው ስቃለች። ክቡር ሆይ፣ በእሷ ስሕተት ላይ ማንም ቃለ ጉባኤ አልያዘም።

3ኛ. ስለ ማርች ስምንት ንግግርዎ አመሰግናለሁ።

የካቲት 29 ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ ለእንግዶች የታሸገ ውኃ ከሚያድሉት ተማሪዎች አንዷ ስለነበርኩ ከመድረኩ ሥር ቆሜ ሁሉንም በደንብ ሰምቻለሁ። እርስዎ ዘሪቱን ወደ መድረክ ጠርተው የምስክር ወረቀት ሰጧት። ከዚያ ማይኩን ይዘው «እሷን አይታችሁ ሴት ናት ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ወንድ ናት» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለእሷ ክብር መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን ማይኩን በትሕትና ተቀበለችዎና «ክቡር ኃላፊ፣ ስላመሰገኑኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሥራውን የሠራችው ሴቷ ናት፤ ምስጋናውን ወንዱ እንዳይወስድባት አደራ» አለች። መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ናቸው። ከዚያ መላው አዳራሽ ሳቀ። እርስዎም ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን ከሥር ስለነበርኩ እጅዎ የምስክር ወረቀቱን ጫፍ እንዴት እንደጨመደደው አይቻለሁ። የተጨማደደውን ወረቀት ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር። «ለር/መምህር ዘሪቱ ኤርሳዶ» ይላል። «ት»ዋን ጨምራበታለች።

4ኛ. ስለ «ራስ አቅም» አመሰግናለሁ።

ከበዓሉ ጥቂት ቆይቶ ዘበኛችን ጡረታ ወጡ፤ በምትካቸውም ሰው አልተቀጠረም። ከዚያ በኋላ ሲጨልም ድንጋይ ቆርቆሯችን ላይ ይወድቅ ጀመር፤ መስኮቱ ሥር የወንዶች ፉጨት ይሰማ ጀመር፤ አንድ ጊዜም የበሩ ማጠፊያ ተነቅሎ አገኘነው። ዘሪቱ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተመላለሰች። በመጨረሻ የተሰጣት መልስ «በጀት እስኪፈቀድ ድረስ በራስ አቅም ጥበቃው ይጠናከር» የሚል ነበር።

በራስ አቅም ምን ማለት እንደሆነ እኛ አልገባንም ነበር። ማታ ፍራሽዋን ተሸክማ ልጇን ይዛ ስትመጣ ገባን። በሩ ጋ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሰው ቢገፋው መጀመሪያ እሷን እንዲነካ አድርጋ አነጠፈች። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ቀረ፤ ፉጨቱም ቀረ። ጠዋት ፍራሽዋን ጠቅልላ ትወጣና መድረኩ ላይ እንደገና ርዕሰ መምህርት ሆና እናገኛታለን። መመሪያዎ እንዲህ በትክክል የተፈጸመበት ሌላ ትምህርት ቤት ካለ ይንገሩኝ።

5ኛ. አሁን ወደ ራሴ መጣሁ። በጣም የማፍረው እዚህ ላይ ነው።

ኮሚቴዎ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጦ ተማሪ ሲጠራ እኔ ደጁን እየጠረግሁ ነበርና «አንቺ ነይ» ተባልኩ። እርስዎ መሐል ተቀምጠው ነበር፤ በስተቀኝዎ ጸሐፊው አቶ አብኔር። «ማታ ማደሪያችሁ ውስጥ ከተማሪ ሌላ የሚያድር ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ድምፅዎ ለስላሳ ነበር። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኛ በአሪኛ ስናወራ ግሡ መጨረሻ ላይ ወንድ ነው ሴት ናት ብለን አንጨነቅም። ሰው መጣ ከተባለ መጣ ነው። አማርኛ ስናገር ከተረጋጋሁ እለየዋለሁ፤ ከፈራሁ ግን የዓለም ሰው ሁሉ ወንድ ይሆንብኛል፤ እናቴ እንኳ «መጣ» ትሆናለች። ከዚህ በላይ ደግሞ የታላቅን ሰው ስም በባለ ሥልጣን ፊት መጥራት ነውር መሰለኝ። ስለዚህ «አዎ፣ አለ። ማታ ይመጣል፣ በሩ ጋ ያድራል፣ ሲነጋ ይወጣል» አልኩ።

አቶ አብኔር ጽፎ ቀና አለና «ይመጣል?» አለኝ። «አዎ፣ ይመጣል» አልኩት፤ ያልሰማኝ መስሎኝ። «ሰውየው ማነው ታዲያ?» አለ። እኔም «ዳይሬክተር ነው» አልኩ። እሱ እርስዎን አየ፤ እርስዎም እሱን አዩት። ከዚያ እርስዎ «ዳይሬክተሯም ታውቃለች ማለት ነው፤ ጻፈው» አሉ። ያኔ የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ገባኝና «እሱ አይደለም፣ እሷ» ልል አፌን ከፈትኩ። አቶ አብኔር «እሱም እሷም አለ? ጉድ ነው» ብሎ ሳቀ። እርስዎ ግን አልሳቁም። «በቃ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ውጪ» አሉኝ። በአማርኛ ተናግሬ ጎበዝ የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በልቤ ሳመላልሰው ከርሜያለሁ። «ያድራሉ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ ነበር። አማርኛ ሰውን ሲያከብር ወንድና ሴት አይለይም፤ ሲያቃልል ነው የሚለየው። እኔ ማክበሩን ባለመቻሌ ይህ ሁሉ መጣ። ነገር ግን ሌላም ነገር አሰብኩ። ማርች ስምንት ላይ ሕዝብ እየሰማ፣ በማይክ፣ «ወንድ ናት» ያሉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ በራችን ላይ ያደረ ወንድ ካለ እርስዎ ራስዎ ወንድ ብለው የመሰከሩላት ሰው እንጂ ሌላ አይደለም። እኔ እንደ እርስዎ ነው የተናገርኩት። እርስዎ ሲሉት ተጨበጨበ፤ እኔ ስለው ሰው ከሥራ ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም።

«ወንድ ያድራል» የሚለው ወሬ ከቃለ ጉባኤው ወጥቶ በባጃጅና በእግር ወደየቀበሌው ሄደ። የአልጋ ጎረቤቴ የትጊ አባት ከአልዱባ መጡ። ትጊ «አባዬ፣ ዳይሬክተሯ እኮ ናት» ብላ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን «ቢሮ የጻፈውን አንቺ ልታርሚ ነው?» አሏትና ዕቃዋን አስጠቅልለው ወሰዷት። አሁን ለባል መታጨቷን ሰምቻለሁ። የሒሳብ ደብተሯን ትራሷ ሥር ትታው ስለሄደች እኔ ጋ ነው። የእኔም አባት ነገ ከስብሰባው በኋላ እንደሚወስን ልኮብኛል።

ዘሪቱ ደግሞ ተራ መምህርት ሆና ዱስ ተመድባለች። ይህም ምስጋና ይገባዋል፤ ዱስ ኦሞ ዳር ያለ፣ ተማሪና ወላጅ ያለበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁና። የማላውቀው፣ የዱስ ልጆች ለአንዲት ሴት ቅጣት ሆነው መመዝገባቸውን ማን እንደሚነግራቸው ነው። እነሱ የሚደርሳቸውን ሰው ሲያዩ ግን ማን እንደተቀጣ ይለዩታል።

ቢሮዋ ሄጄ «እኔ ነኝ የተናገርኩት» ብያት ነበር። ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። «ውሸት አልተናገርሽም፤ የጾታ ምልክት ነው የሳትሽው፤ እሱን ፈተና ላይ እንዳትደግሚው» አለችኝ። ቆይታም «ተዪው ጸሎትዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ። እግዚአብሔር እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። የማያውቁት ወላጆች ናቸው። እሷ ይቅር ብላዎታለች፤ ቤተ ክርስቲያን የምትማረውን በእውነት የምትሠራ ሰው ናት። እኔም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው፤ ነገር ግን ስለ ይቅርታ የተማርኩትን ዛሬ ላስታውሰው አልፈለግሁም።

ስብሰባውን ቅዳሜ ስላደረጉትም አመሰግናለሁ። ገበያ ቀን ስለሆነ ወላጅ አይመጣም ብለው እንደመረጡት ሰምቻለሁ። እርስዎ ከተማ ስላደጉ ይሆናል። የደጋ ሰው ከተራራው ወርዶ ጂንካ የሚገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሙዙን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ፣ ወደ ላይ ከመመለሱ በፊት በትምህርት ቤታችን በር ነው የሚያልፈው። በሌላ ቀን ቢያደርጉት ኖሮ ባዶ ወንበር ሰብስበው በሰላም ይሄዱ ነበር።

እርስዎ ሴትን ሲያመሰግኑ «ወንድ ናት» እንደሚሉ አይተናል። እኔም ምስጋናዬን በእርስዎው መንገድ ልመልስ ብዬ፣ ነገ ሕዝብ ፊት «አቶ እውነቱን ወንድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ሴት ናት» ልል አስቤ ነበር። ከዚያ ሴት የምላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ። በራችን ላይ የተኛችውን አሰብኩ። አባቷ ፊት እያለቀሰች እውነቱን የተናገረችውን አሰብኩ። አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ የሳቁትን እናቶች አሰብኩ። «ሴት» የሚለውን ስም ለእርስዎ ልሰጥ ስል ከእነሱ ቀምቼ የምሰጥ መሰለኝና ተውኩት። ስለዚህ «እርስዎ» እንደሆኑ ይቆዩ።

የሥልጣን ዘመንዎ ረጅም፣ የቃለ ጉባኤዎ ቀለም የማይለቅ፣ ሁልጊዜም ፈርታ የምትመሰክር ልጅ የማያጡ ይሁኑ እያልኩ፣

ታዛዥዎና ከዚያ ቀን በቀር ድምፅዋን ሰምተው የማያውቁት፣
ጸሎት ጎሳዬ
ከሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ከበሩ ሦስተኛው አልጋ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ፣
ለማርች ስምንት በዓል አስተባባሪዎች፣ ንግግሩ በስልካቸው ስለተቀረጸ እንዳያጠፉት፣
በባጃጅ ተራ ግድግዳ ላይ ለሚያነብ ሁሉ፣
ለዱስ ተማሪዎች፣ ለእንኳን ደስ አላችሁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ያህል ጽፌ ወንዱና ሴቱ ሳይምታታብኝ እንዴት እንደጨረስኩ ይገርምዎ ይሆናል። አሳቡ የእኔ ነው፤ ግሦቹን ያረመችው ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ናርዶስ ናት። የእርስዎ ናርዶስ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምኛት ነበር፤ «ጻፊው፣ ከነአባቴ ስም ጻፊው» ስላለችኝ ናርዶስ እውነቱ ብዬ ጽፌያለሁ። ኮሚቴው ትምህርት ቤታችን በመጣበት ዕለት ማታ፣ እራት ላይ፣ ለእናቷ «ምን ወንድ አለ እባክሽ፤ የምታድረው ራሷ ዘሪቱ ናት፤ ልጅቷ አማርኛ አትችልም እንጂ» ብለው ሲስቁ እጅ ታስታጥብዎ የነበረችው እሷ ናት። ቤትዎ ውስጥ «ናት» አሉ፤ ቢሮዎ ውስጥ «ነው» ብለው ፈረሙ። ሁለታችንም ጾታ እንሳሳታለን፤ እኔ ስፈራ፣ እርስዎ ሲያውቁ።

ናርዶስ አሪኛ እንደምትሰማ ላያውቁ ይችላሉ። እሷ አማርኛዬን ስታርም እኔ አሪኛ አስተምሬያታለሁ። ስለዚህ ነገ ስብሰባው እንደተከፈተ እነሣለሁ። የደጋ ወላጆች ሁሉ እንዲሰሙት በሩ ላይ ማን ታድር እንደነበረና ለምን ታድር እንደነበረ በአሪኛ እናገራለሁ፤ ናርዶስም ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። እራት ላይ የተባለውን ግን እኔ አልናገርም፤ እሱን ያለ አስተርጓሚ ራሷ ትናገራለች። እኔ ማይኩን እይዝላታለሁ።